በምርቃት የታገደው በረኛ

ባሕር ማዶ ያሉ ሊጎች ተጫዋቻቸው ዕፅ ሲወስድ ሽንቱን ይመረምራሉ፤ አንዳንዶቹም ከማባረራቸው በፊት ያሳክሙታል አሉ። ይህን ያነበብኩት ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ ስለሆነ ግማሹ ተቀድዷል፤ የጎደለውን እናንተ ሙሉበት። እኛ መርሳ ከተማ ግን ላቦራቶሪ አያስፈልገንም። የጎረቤት ዓይን ይበቃናል።

ከስደት ተመልሰን፣ ጦርነቱም ገና ሳይበርድ፣ ታላላቆቻችን ልጆቹ በሐሳብ እንዳያብዱ ብለው የኳስ ውድድር አስጀመሩ። ሜዳው ላይ የተቆፈረውን ምሽግ ደፈኑ፤ ደንብም አወጡ፦ ጫት የቃመ ተጫዋች ዓመቱን ሙሉ ሜዳ አይገባም። እኔም አጨበጨብኩ። በረኛችን የእህቴ ልጅ ሰይድ ነው፤ እሁድ ከግራና ቡድን ጋር ሲጫወት የክለብ መልማዮች ከወልድያ መጥተው ያዩታል ተብሎ እንቅልፍ አጥቷል።

ሐሙስ ለሰላም ወዳጃ ተቀመጥን፤ ዱዓው ይደረጋል፣ ጫቱም ይቃማል። የውድድሩ ኮሚቴ ሰብሳቢ ጋሽ ይማም የተመረቀ ቅጠል ለሰይድ ዘረጉለት። የታላቅ ምርቃት ይመለሳል እንዴ? በሁለት እጁ ተቀብሎ፣ አሚን ብሎ ቃመ።

አርብ ታገደ።

ሻሼን ሳላስተካክል ኮሚቴው ዘንድ ደረስኩና ምስክሩ ማነው አልኩ። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል።

«እኔ ነኝ» አሉ ጋሽ ይማም፣ ዓይናቸውን በጨው አጥበው። «በእጄ ነው የሰጠሁት።»

ወላሂ፣ ከባድ መሣሪያ ከተራራው ሲያጓራ እንኳ እንዲህ አልደነገጥኩም! እርስዎስ አልቃሙም ወይ ስላቸው፣ እኔ በረኛ አይደለሁም አሉኝ።

ቅዳሜ ሽማግሌ ይዘን ቤታቸው ሄድን። እሳቸውም እንግዳ አክባሪ ናቸውና ጫት አቀረቡ። ስለ ዕርቁ ዱዓ አደረጉና፣ አንድ ቀንበጥ መርቀው ለሰይድ ዘረጉ።

ቢቅም ደንብ ሊያፈርስ፣ ባይቀበል ታላቅ ሊያዋርድ። ልጁ ቀንበጡን በሁለት እጁ ተቀብሎ ሳመና እጃቸው ላይ መልሶ አኖረው።

«ጋሼ፣ እርስዎ ይቃሙልኝ።»

ምን ያድርጉ? ቃሙለት። ሽማግሌዎቹ ተያዩና፣ እንግዲያው የቃሙለት ይታገዱለት ብለው ፈረዱ።

እሁድ ሰይድ ግቡ መሐል ቆመ፤ መልማዮቹም አዩት። ጋሽ ይማም ፍርዱን አክብረው ከአጥር ውጭ፣ ከእኛ ከሴቶቹ ጎን ቆመው ተመለከቱ። ጉንጫቸው እንደ ኳስ ተነፍቷል።

ደንቡ ስለ ተመልካች የሚለው ነገር የለም።