«ሰላም ነው» እያሉ መሮጥ

እስቲ ልጠይቅህ ወዳጄ፤ ትልቅ ሰው አስፋልት ላይ ሲሮጥ አይተህ ታውቃለህ? በቴሌቪዥን አላልኩም። በቴሌቪዥንማ ሁላችንም ሯጮች ነን። እኔ የምልህ እንዲሁ በሰፈርህ፣ ሆዱ ወጣ ያለ፣ መነጽር ያደረገ፣ በዚያ ሰዓት ሥራ ላይ መሆን የሚገባው ሰው። አላየህም። እኛ ወልድያ ላይ ትልቅ ሰው ከሮጠ ወይ ሰው ሞቶበታል፣ ወይ መናኸሪያ መኪና እያመለጠው ነው። ሦስተኛም ምክንያት አለ። እሱን እደርስበታለሁ።

እንግዲህ ያ ሰውዬ እኔ ነኝ። የኮምፒውተር ፕሮግራም እጽፋለሁ። ሶፍትዌር ዴቨሎፐር ነኝ ስል ሰፈሬ ውስጥ የሚሰማኝ የለም። ጎረቤቴ ስልኳ ሲደነዝዝ እኔ ጋ ትመጣለች። አንዱ ደግሞ «መዝሙር ሙላልኝ» ብሎ ሚሞሪ ካርዱን ሰጥቶኝ ከሄደ ስንት ጊዜው፤ እስካሁን ሲያገኘኝ ፊቱን ያዞርብኛል። የምሠራው አዲስ አበባ ላለ ድርጅት ነው፣ ከቤቴ ሆኜ። ጠዋት ጠዋት «የቁም ስብሰባ» የሚባል ነገር አለን። ሰው ቆሞ ሲነጋገር ወሬ አያበዛም ተብሎ የመጣ ዘዴ ነው አሉ። ሁላችንም ተቀምጠን ነው የምንሰበሰበው። እኔማ አንዳንዴ ጋደም ብዬ።

እንዲህ ተቀምጬ ስኖር ሐኪሟ ስኳርህ አፋፍ ላይ ደርሷል አለችኝ። በእግርህ ሂድ አለች። ምከረው ምከረው እምቢ ካለ መከራ ይምከረው እንዲሉ፣ ሦስት ጊዜ ከመከረችኝ በኋላ ሰማኋት። ልብ በል፣ ሂድ ነው ያለችኝ። ሩጥ አላለችም። ማራቶኑን ከኪሴ የጨመርኩት እኔ ነኝ። ለምን እንደምሮጥ ሰው ሲጠይቀኝ ስኳሬን እጠቅሳለሁ። ስኳር ለሁሉም ይገባዋል። እውነተኛውን ምክንያት ግን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ላንተ እነግርሃለሁ፤ ቆይ ግን፣ መጀመሪያ የገበያውን ጉድ ስማ።

ልምምዴ ከወልድያ ወደ ሲሪንቃ በሚወስደው አስፋልት ላይ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያደከመኝ ሩጫው አይደለም፣ ሰዉ ነው። ባጃጅ ሁሉ አጠገቤ ሲደርስ ቀስ ይላል። «ግባ ወንድሜ፣ ለቅሶ ነው?» ይለኛል። አይ፣ ስፖርት ነው እላለሁ። ያዝንልኛል። አንድ ቀን አንዲት እናት መንገድ ዳር ቆመው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ጠበቁኝ። ማን እንደሞተብኝ ጠየቁኝ። ማንም አልሞተም ብዬ ማልኩላቸው። እንግዲያውስ ገና አላረዱህም ማለት ነው ብለው ማልቀስ ጀመሩ። ምን ታደርጋለህ? ቆሜ አጽናናኋቸው።

ከዚያ ያ ጠዋት መጣ። ውሃና ስልክ የያዘች ቦርሳ በጀርባዬ አዝዬ ነው የምሮጠው። ሲሪንቃ ልደርስ ስል አንዲት የመንገድ ዳር ገበያ አለች። ቲማቲም የምትሸጥ ሴትዮ ቀና ስትል እኔን አየች። ቦርሳ አዝዬ፣ በላብ ተነክሬ፣ ከወልድያ በኩል ስሮጥ። ቲማቲሟን እንኳ አልሰበሰበችም። ሕፃኗን ከመሬት ብድግ አድርጋ አዘለችና እግሬ አውጪኝ አለች። አጠገቧ ያለችው ምን ሆንሽ ብላ አልጠየቀችም፤ ተከተለቻት። ሻይ ቤቱ በሩን ዘጋ። በግ የሚሸጠው ሰውዬ በጎቹን ለቀቃቸው። ይኸው ነው እንግዲህ ሦስተኛው ምክንያት። በዚያ መንገድ ላይ በጦርነቱ ጊዜ ስንቱ ሰው ልጁን አዝሎ በእግሩ ፈሷል። እባብ ያየ በልጥ በረየ።

እኔ ብልሁ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? «አይዟችሁ፣ ስፖርት ነው!» እያልኩ ላስቆማቸው ተከትያቸው ሮጥኩ። ዞር ብለው ሲያዩኝ ባሰባቸው። ከኋላቸው እየሮጠ የሚጮህ ሰው ስለ ስፖርት ያወራል ብሎ ማን ይገምታል?

በኋላ ነገሩ ሲበርድ ሽማግሌዎች ዛፍ ሥር አስቀመጡኝ። ይስቁብኛል ብዬ ነበር የጠበቅኩት። አንድም ሰው አልሳቀም። አንድ ሐጂ አሉ፣ ጢማቸው በሂና የቀላ፤ ጉልበታቸውን ይዘው ቀስ ብለው ተናገሩ።

«አንተ ልጅ፣ በአላህ ይዤሃለሁ፣ ምን በደልንህ? እቺ ሴት አንዴ ሮጣለች። ያኔ ያዘለችውን ልጅ መንገድ ላይ ነው የቀበረችው። ይኼ ከዚያ ወዲህ የተወለደ ነው።»

መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። ከእንግዲህ አልሮጥም፣ ማሩኝ አልኳቸው። ሐጂ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። ጤናህ ከሆነ ሩጥ፣ ማንም አይከለክልህም አሉ። «ግን ዝም ብለህ አትሩጥብን። ‹ሰላም ነው› እያልክ ሩጥ።» አጠገባቸው የነበሩት መሪጌታም፣ ጮክ ብለህ ነው ታዲያ፣ ለራስህ ብቻ እንዳታንሾካሹክ ሲሉ ጨመሩበት። ፍርዱ በዚህ ጸና።

ከስልኬ ያወረድኩት የልምምድ መርሐ ግብር ትንፋሽህን ቆጥብ ይላል። እኔ ከወልድያ ሲሪንቃ «ሰላም ነው! ሰላም ነው!» እያልኩ መሮጥ ጀመርኩ። ከዚህ ወገን «አልሐምዱሊላህ!» ይሉኛል፣ ከዚያ ወገን «ተመስገን!» ይሉኛል። አንዱ ብቻ፣ ድንጋይ ላይ ቁጭ ያለ ሰውዬ፣ «ሰላም ከሆነ ታዲያ ምን ያስሮጥሃል?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

ነበረኝ እንጂ። ለሱ አልነግረው ብዬ ነው።

ጦርነቱ ወልድያ ደርሶ ያ ክፉ ቀን የመጣ ጊዜ ቤት ውስጥ የነበርነው አባቴና እኔ ብቻ ነን። እናቴ ቀደም ብላ አርፋለች። ጠዋት ነው። በራችን ላይ አንድ አይሱዙ ቆመ፤ ሰው እላይ በላይ ተጭኖበታል። ለአንድ ሰው ብቻ የሚሆን ቦታ አለ አሉን። እኔ ላፕቶፔን አዝያለሁ። አባቴ ደጃፉ ላይ በካፖርታቸው ቆመዋል።

«አባባ፣ እርስዎ ይውጡ» አልኳቸው።

«አይ፣ አንተ ውጣ። እኔ ቤቱን እጠብቃለሁ» አሉኝ።

ወጣሁ።

በቃ፣ ይኸው ነው። ሌላ ነገር የለውም። ወጣሁ።

አሁን አንተ ፍረድ። በእኛ አገር አንዴ ሲጠየቅ እሺ የሚል ሰው አለ? እንግዳ ቤትህ ይመጣል። ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሰም። ብላ ስትለው «አሁን በልቼ ነው የመጣሁት» ይልሃል። ኧረ ብላ ስትለው «እውነቴን ነው፣ ጠግቤያለሁ» ይላል። «በሞቴ!» ስትለው ነው እጁን ለመታጠብ የሚነሳው። ይህን የማያውቅ ሕፃን የለም። አንድ ጉርሻ ያጣላል የሚባለውስ ለምን ሆነና? አንዴ ብቻ መጋበዝ አለመጋበዝ ነው። አባቴ ደግሞ የይሉኝታ ሰው ናቸው። ለቅሶ ቤት እንኳ ወንበር ሲሰጣቸው ሦስት ጊዜ ካልተለመኑ አይቀመጡም።

እኔ ለኮምፒውተር ነው የምጽፈው። ኮምፒውተርን ትጠይቀዋለህ፣ አይ ካለ አይ ነው፣ ወደ ቀጣዩ ታልፋለህ። አባቴንም እንደዚያው ሰምቻቸው ነው፣ የሥራ ጠባይ ሆኖብኝ ነው እያልኩ ራሴን ብዙ ጊዜ አታልያለሁ። ውሸት ነው። ፈርቼ ነው። ሁለተኛ ብለምናቸው እሺ ይሉ ይሆናል ብዬ ነው የፈራሁት። ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም። ከልቤ ለምኜ ቢሆን ሁለተኛዋ ቃል ከየትም ትመጣ ነበር።

ከወራት በኋላ ስመለስ ቤቱ ቆሟል። እንዳሉትም ጠብቀውታል። የደም ግፊት መድኃኒታቸው ግን ገና በመጀመሪያው ወር አልቆ ኖሯል። ግራ እጃቸው ዝላለች። ግራ እግራቸውን ይጎትታሉ። ጎረቤታችን ሲሞት ከሌላ አንድ ሽማግሌ ጋር ሆነው በቀረችው በአንድ እጃቸው ነው አፈር ያለበሱት። እኔን ሲያዩ ግን አልወቀሱኝም፣ አላለቀሱም።

«ኮምፒውተርህ ደህና ነው?» ነው ያሉኝ።

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ አንድ ጣሪያ ሥር እየኖርን፣ አንድ ገበታ እየቀረብን፣ አንዲት ጥያቄ ሆዴ ውስጥ ተቀምጣ ትበላኛለች። ያ «አንተ ውጣ» የእውነት ነበር ወይስ የይሉኝታ? የእውነት ከሆነ ልጅ አባቱን ታዞ ነው የሄደው። የይሉኝታ ከሆነ ግን፣ ያች እጅ የእኔ ሥራ ናት። ለመጠየቅ ፊት አጣሁ። ያን በመኪና የሸሸሁበትን መንገድ በእግሬ ከጨረስኩ በኋላ ፊት አገኛለሁ ብዬ አሰብኩ። የሞኝ ሐሳብ ነው፣ አውቃለሁ። ብልህ ሐሳብ ያለው ሰው ማራቶን አይሮጥም።

የውድድሩ ቀን ደረሰ። የከተማው ስፖርት ወዳጆች ያዘጋጁት ነው፤ ከወልድያ ተነስተህ፣ ሲሪንቃን አልፈህ ወደ መርሳ ትወርድና መንገድ ላይ ዞረህ ትመለሳለህ። ከሐብሩ ገጠር የመጡ ልጆች ጫማዬን አስሬ ቀና ሳልል ከዓይኔ ተሰወሩ። እኔ በዝግታዬ። ገበያዋ ጋ ስደርስ ያች ሴትዮ ቲማቲሟ አጠገብ ቆማ፣ ሕፃኑን አዝላ፣ ለሚያልፈው ሯጭ ሁሉ «ሰላም ነው! ሰላም ነው!» ትላለች። እኔን ስታይ ውሃ አቀበለችኝ። ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም።

ስመለስ ዳገቱ ላይ እግሬ እንጨት ሆነ። መራመድ ጀመርኩ፤ መራመድም ከተባለ። ሌሎች ልጅ አዝለው፣ እናት ደግፈው በሄዱበት መንገድ እኔ ቀለል ባለ ጫማ፣ ሙዝ እየበላሁ አለቀስኩ። አንዳንዱ ተመልካች በርታ፣ ጀግና ይለኛል። ተወኝ ብለው ደስ ባለኝ።

ወልድያ ስገባ አሸናፊዎቹ ተሸልመው ሄደዋል። ሙዚቃው ቆሟል። የመግቢያውን ባነር እየጠቀለሉት ነበር፤ እኔን ሲያዩ አዝነው መልሰው ወጠሩልኝ። ሜዳሊያም አጠለቁልኝ። ከሕዝቡ የቀረ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ አባቴ። በምርኩዛቸው ተደግፈው፣ ካፖርታቸውን ለብሰው ቆመዋል። ስንት ሰዓት እንደቆሙ እሳቸው ናቸው የሚያውቁት። አልመጣም ብለውኝ ነበር።

እንኳን ደህና ገባህ አሉኝ። ትንፋሼ ሳይመለስ፣ ድፍረቴም ሳይሸሽ፣ ጠየቅኳቸው።

«አባባ፣ ያን ጊዜ… አንዴ ብቻ ነው የለመንኩዎት።»

ምን ማለቴ እንደሆነ ወዲያው ገባቸው። አስፋልቱን ቁልቁል አዩት።

«የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ልጄ። ና እንሂድ፣ ላብህ ይደርቅብሃል» አሉኝ።

ይኼ መልስ ነው? አርባ ሁለት ኪሎ ሜትር የሮጥኩት ለዚህ ነው? ተናደድኩ፣ ግን ለመናደድም አቅም የለኝም። ባጃጅ ስንጠብቅ ቆምን። መንገዱ ለውድድሩ ተዘግቶ ስለነበር ባጃጅ የለም። ብዙ ቆይቶ አንድ መጣ። ከኋላ ሁለት ሴቶች ከነዕቃቸው ተቀምጠዋል። ሹፌሩ፣ ያለኝ የአንድ ሰው ቦታ ነው አለን።

«አባባ፣ እርስዎ ይግቡ» አልኩ።

«አይ፣ አንተ ግባ። አንተ ነህ የደከምከው። እኔ ቀስ እያልኩ እመጣለሁ» አሉ።

የባጃጁን ጎን ያዝኩ።

«ኧረ ይግቡ አባባ።»

«ተው እንጂ፣ እግሬን ላፍታታ።»

ሹፌሩ ጥሩንባውን ነፋ። እንሂድ ወይስ እንቅር አለን።

«በሞቴ አባባ!» አልኳቸው።

 አዩኝ፤ ረጅም ጊዜ አዩኝ።

«እንግዲህ በሞቴ ካልክማ» አሉና ምርኩዛቸውን ለእኔ አቀብለው፣ በደህናይቱ እጃቸው የባጃጁን ብረት ይዘው ገቡ።

ባጃጁ ሄደ። እኔ ሜዳሊያ አንገቴ ላይ፣ ምርኩዝ እጄ ላይ፣ አስፋልቱ መሀል ቀረሁ። ያኔም ብደግመው ኖሮ ይወጡ ነበር። ብሰልሰው ደግሞ እርግጥ ነበር። እያነከስኩ ቤቴ ሄድኩ።

ሰው ሲያገኘኝ ማራቶኑ ምን አስተማረህ ይለኛል። ጽናት፣ እላለሁ፤ እንዲያ ስትል ደስ ይላቸዋል። ስኳሬም ወርዷል። እውነቱን ለጠየቅከኝ ላንተ ግን፣ የጎደለችው አንዲት «በሞቴ» ነበረች። እሷን ደግሞ ቤት ቁጭ ብዬ፣ ምሳ ላይ፣ በእንጀራ ልሞክራት እችል ነበር።