መውረድ ያልተማረው ዋጋ

ትናንት ሌሊት በሕልሜ የሸሚዜን ቁልፍ እየተከልኩ ነበር። ስለ ሽንኩርት ገበያ ያጠናሁትን ለቢሮ ኃላፊዎች የማቀርብበት ቀን ደርሷል። ክሩን በጥርሴ ስበጥስ በሩ ተንኳኳ።

እማዬ ከፈተች። አንድ ቀጭን ልጅ ጎንበስ ብሎ ገባ። ጎንበስ ባይል ጉበኑ ግንባሩን ይመታው ነበር።

«የሽንኩርት ዋጋ ነኝ፣ እትዬ ድንቅነሽ» አለ። ጫማውን በር ላይ አወለቀ። «ልጨምር ነው። እርስዎን ሳታስፈቅድ እንዳትጨምር ተብዬ ነው የመጣሁት።»

«ውይ በሞትኩት! ባለፈው ሳምንት እዚህ ድረስ አልነበርክ?» እማዬ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ አሳየችው። «ምን አብልተውህ ነው?»

ልጁ አፈረ። እማዬ ጉልት ላይ ሽንኩርት ነው የምትሸጠው። እሱ አንድ ጣት ታህል እንኳ ካደገ ለቅዳሜ አንድ ጆንያ መግዛት አትችልም። ቦታዋ ባዶውን ከዋለ ደግሞ ሌላ ሰው ይይዘዋል። ይህን ሦስታችንም እናውቅ ነበር።

«አልፈቅድልህም» አለችው በለሆሳስ። «ይልቅ ውረድ፣ ልጄ።»

«መውረድ አልችልበትም። ማንም አላሳየኝም።» ወደ እኔ ዞረ። «ስለ እኔ ያጠናኸው አንተ ነህ አይደል?»

«አዎ።»

«ለምንድን ነው የማልወርደው?»

«ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል ብዬ ነው የደመደምኩት።»

ሐኪሙ ዝም እንዳለው በሽተኛ አየኝ።

እማዬ እጁን ይዛው ወጣች፤ ተከተልኳቸው። ጉልቱ ላይ የቢሮ ኃላፊዎች ከረባታቸውን እንዳሰሩ ጆንያ አንጥፈው ተቀምጠዋል። መመሪያ በመደብ በመደብ ደርድረው ውኃ ይረጩበታል።

«ነይ እናቴ፣ ትኩስ መመሪያ! ዛሬ ጠዋት የወጣ! እመርቅልሻለሁ!»

እማዬ አንዱን አንስታ በአውራ ጣቷ ጫን አደረገችው። «ውስጡ ባዶ ነው» ብላ መለሰችለት።

ኃላፊው አልተቀየመም። «እውነትሽን ነው» አለ፤ «እኛም ቤት አይበላም።»

ከኃላፊዎቹ ጀርባ አንድ ፎቅ ነበር፤ ደረጃ ብቻ እንጂ ክፍል የለውም። እንዴት እንደወጣ አላየሁም፣ ልጁ የፎቁ አናት ላይ ቆሟል። ሁለቱ የሽንኩርት አከፋፋዮች፣ ጋሽ ይመኑና ጋሽ ሽፈራው፣ ግራና ቀኝ ክንዱን ይዘውታል። ሁለቱ ሁልጊዜ አብረው ቁርስ እየበሉ ነው ዋጋ የሚቆርጡት።

«አንለቀውም! እኛ ነን ያሳደግነው!»

«ማሳደጉንስ አሳደጋችሁት» አለች እማዬ ከታች። «መሬት መርገጥ አላስተማራችሁትም እንጂ።»

ሁለቱ ተያዩ። ከዚያ ጋሽ ይመኑ ለቀቀው። ጋሽ ሽፈራው «እኔን ቀድመህ?» ብሎ ተናደደና እሱም ለቀቀው። ወዲያው አንዱ «በእኔ በኩል ውረድ»፣ ሌላው «በእኔ በኩል ይሻልሃል» እያሉ ይገፈታተሩ ጀመር።

«ብወድቅስ፣ እትዬ?»

«አገር ምድሩ ውደቅ እያለ የሚጸልይልህ አንተ ብቻ ነህ። ማን ይቆጣሃል? እኔን እያየህ ና።»

አንዱን ደረጃ ረገጠ። ሌላውን ረገጠ። በወረደ ቁጥር እያጠረ፣ ፊቱም የሕፃን እየሆነ መጣ። እማዬ እጆቿን ዘረጋችለት። የመጨረሻው ደረጃ ላይ እግሩን ሲያነሳ፣

«ተነሳ እንጂ፣ ረፈደ እኮ!»

ነቃሁ። እማዬ ከአከፋፋዮቹ ተመልሳ ወለሉ ላይ ተቀምጣለች። ጆንያው ግማሽ ነው።

«ጨመረ?»

«ጨመረ። እኔ ግን አልጨምርም። ዋጋ ስጠራ የደንበኞቼ ፊት የሚሆነውን ማየት አልችልም።»

አራት አራት ፍሬ ትቋጥርበት በነበረው ፌስታል ሦስት ሦስት እየቋጠረች ነበር። ዛሬ በማቀርበው ጥናት ውስጥ የጉልት ዋጋ ለወራት አልተነቃነቀም የሚል ዓረፍተ ነገር አለ። አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«ላላ አድርገህ ቋጥረው» አለችኝ፤ «ሙሉ እንዲመስል።»

የመጨረሻውን ላላ አድርጌ ቋጠርኩና ከሌሎቹ ጎን አስቀመጥኩት።