የጄኔራሉ ወታደሮች

የትም አገር ሂዱ፣ በኤችአይቪ ክሊኒክ ወረፋ ላይ አንድ ጄኔራል አይጠፋም። የሲዲ ፎር ቁጥሩን እንደ ማዕረግ ደረቱ ላይ ሰክቶ የሚንጎራደድ ሰው ማለቴ ነው።

እኚህኛው ክቡር ጄኔራል ጡረታ የወጡ ቀለም ቀቢ ናቸው። ጦር ሜዳ በዞረበት አልዞሩም፤ የሚያዝዙት ደማቸው ውስጥ ሆነው በሽታ የሚዋጉትን ሲዲ ፎር ሴሎች ብቻ ነው። ውጤት ሰምተው ሲወጡ፣ ገና በሩ ሳይዘጋ፣ «የኔ ወታደሮች እንቅልፍ አያውቁም!» ይላሉ። ከዚያ አግዳሚውን ከዳር እስከ ዳር፣ «ያንቺስ? ያንተስ?» ነው።

ከወረፋተኞቹ አንዷ ልብስ ሰፊ ናት፤ ይህን ስትሰማ ትበግናለች። ምን ታድርግ? መድኃኒቷን አንድ ቀን አታዛንፍም፤ ቫይረሱም አደብ ገዝቷል። ሴሎቿ ግን አንበዛም፣ አሻፈረን ብለዋል። ነርሷ አስረድታታለች፦ «ሴሎች የሚላላኩባቸው ሳይቶካይን የሚባሉ ፕሮቲኖች አሉ። አንዳንዴ ቫይረሱ ዝም ካለ በኋላም ‹ድረሱ! ድረሱ!› ማለታቸውን አይተዉም። ሴሎቹ በከንቱ ሲሯሯጡ ይደክማሉ።»

«እና የሳቸው መልእክተኞች ጨዋ፣ የኔዎቹ ለፍላፊ የሆኑት ምን በድዬ ነው?»

ነርሷ ሳቀች። ልብስ ሰፊዋ ግን የምሯን ነው። ሰው በባል ይቀናል፣ በቤት ይቀናል፤ እሷ በሽማግሌ ደም ቀናች። የምትመኘው አንድ ነገር ነው፤ አንዴ፣ አንዴ ብቻ እሳቸውን መብለጥ።

ቀኑ ደረሰ። «እልል በይ! ሴሎችሽ ተነሱልሽ» አለቻት ነርሷ። ልብስ ሰፊዋ ለጄኔራሉ የምትናገረውን በልቧ እያሰናዳች ወደ አግዳሚው በረረች።

ጄኔራሉ ጥግ ይዘው ኩርምት ብለዋል።

«ምነው ጋሼ?»

«ወታደሮቼ ከዱኝ፣ ልጄ። ጉንፋን ጥሎኝ ነበር። መልእክተኞቹ ከደም ወደ ሌላ ቦታ ጠርተዋቸው ነው፣ ይመለሳሉ ትላለች ነርሷ። ልታጽናናኝ ነው እንጂ…» ዓይናቸውን ጠረጉ። «ያንቺስ?»

ያን ሁሉ የተሰናዳ ንግግር ትታ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«የኔማ ምን ይነሳል ጋሼ! ጭራሽ ወረደ እንጂ።»

ሽማግሌው ቀስ ብለው ቀና አሉ። «አይዞሽ! ወታደር ማሠልጠን እኔን ጠይቂኝ!» ብለው አግዳሚው ሁሉ እስኪሰማ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ምግብ፣ ስለ ሐሳብ መተው ያስተምሯት ጀመር። «እንደ እኔ ልበ ሙሉ መሆን ነው!»

ልብስ ሰፊዋ እንደገና በገነች። «እሺ ጋሼ» አለች። ከዚያ ወደ ነርሷ ተመልሳ፣ የሚቀጥለው ቀጠሮዋ ከሳቸው ጋር በአንድ ቀን እንዲሆንላት ለመነች፤ መብለጥ ወታደሮቻቸው ሲመለሱ ነው።