ቁጥር 217 በልቷል

ዲን የሌለው ኮሌጅ ሊኖር ይችላል፤ እትዬ የብርጓል የሌሉበት ግን የለም። ስማቸው ይለያይ ይሆናል እንጂ፣ ከምግብ አዳራሹ በር ላይ ተቀምጠው የገባውን ተማሪ በካርዱ ቁጥር አንጻር ምልክት የሚያደርጉ ሴት የትም አሉ። ለባሕር ዳሩ ኮሌጃችን የደረሱት ክብርት ወይዘሮ የብርጓል ነበሩ፤ ንግሥና በተሻረበት ዘመን የወረፋው ንግሥት፣ የቀይ እስክሪብቶ ባለሙሉ ሥልጣን።

«ሰው አላውቅም፤ ቁጥር ነው የማውቅ!» ይላሉ። ካርድህን ረስተህ መጣህ? ሂድ አምጣ። ዝናብ ነው? ይዝነባ። አንዴ የዲኑን የእኅት ልጅ ካርድ አልያዝህም ብለው ሲመልሱት፣ «ያውቁኝ የለም ወይ፣ እትዬ!» ቢላቸው፣ «አውቅሃለሁ፤ እናትህንም አውቃታለሁ። ቁጥርህን ግን አላየሁም» አሉት። ጣና ሞልቶ ቢመጣ እንኳ ካርድ ሳያሳይ አያልፍም እንል ነበር።

በጥቅምት 1976 ዓ.ም. የዶርም ጓደኛዬን ዓምደ ሚካኤልን ወባ ጣለው። የይፋግ መሪጌታ ልጅ ነው፤ ከተማው ውስጥ ዘመድ የለው፣ ወዳጅ ከእኔ በቀር የለው። ለዶርም ኃላፊው ነገርሁ፤ «የዲኑ ቢሮ ነው የሚመለከተው» አለኝ። የዲኑ ቢሮ «ክሊኒክ ሂድ» አለኝ። ክሊኒኩ «ታማሚው ራሱ ቀርቦ ይመዝገብ» አለኝ። መቆም ያቃተው ሰው እንዴት አድርጎ ነው የሚቀርበው? ሦስት ቀን ተመላለስሁና ሰለቸኝ።

እውነቱን ልናገር። ሰለቸኝና የእሱን ካርድ፣ ቁጥር 217ን፣ ይዤ ምግብ ቤት ገባሁ። መጀመሪያ በራሴ እበላለሁ፤ ከዚያ ሰልፉ ሲረዝም በእሱ። ዳቦ በኪሴ ይዤለት እሄዳለሁ፤ አይበላውም፤ እኔው እጨርሰዋለሁ። አምስት ቀን እንዲህ አለፈ። ቀዩ እስክሪብቶ ዓምደ ሚካኤል አሥራ አምስት ጊዜ እንደ በላ መሰከረለት።

በስድስተኛው ቀን ምሳ ላይ ሰልፉ አጭር ነበር። እትዬ እጄን ለቀም አደረጉ።

«አንተ ቅድም ገብተህ የለም? ባለ ካርዱስ?»

«ታሟል።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሳምንት አልፎታል።»

ከዚያ ወንበር ላይ በምግብ ሰዓት ሲነሡ አይቼ አላውቅም። የዚያን ቀን መዝገቡን እንደ ተገለጠ ትተው፣ ነጠላቸውን አገልድመው ወደ ዶርም ሮጡ። ሁለት የወጥ ቤት ሰዎች ጠርተው፣ ልጁን በብርድ ልብስ አሸክመው ሆስፒታል አደረሱት። ሐኪሙ «ነገ ብታመጡት ኖሮ ለእኔ ሳይሆን ለቄስ ነበር» አላቸው። ኮሌጁ በሙሉ ያለ ምልክት በላ።

በሳምንቱ የሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ ተጠራ። ዲኑ መዝገቡን ከፍ አድርጎ፣ «ልጁ አምስት ቀን ሙሉ ሦስት ሦስት ጊዜ በልቷል። እንዲህ የሚበላ ሰው ታሟል ብለን እንዴት እንጠርጥር፣ ጓዶች?» አለ። የዶርም ኃላፊው ግለ ሂሱን አቀረበ፤ ጥፋቱ ሥራ ማብዛቱ ነበር። የክሊኒኩ ሰው ጥፋት ደግሞ ደንብ ማክበር። ተጨበጨበ። እኔ ከኋላ ተቀምጬ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ።

እትዬ ተነሡ። «በቁጥሩ የበላ ሌላ ነው። ምልክቱን ያደረግሁ እኔ ነኝ። ቁጥሩን አየሁ፣ ሰውየውን አላየሁም። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«ማነው የበላው?» አለ ዲኑ።

«እሱን ለእኔ ተዉት። ለመሆኑ ልጁን ሄዶ የጠየቀ አለ?»

ዲኑ መዝገቡን ዘግቶ ወደ ውሳኔው አለፈ። በመጨረሻ ከሥራ ገበታቸው ያለ ፈቃድ ተነሥተዋል ተብለው ማስጠንቀቂያ ተጻፈባቸው። ከዚያ ወዲህ ስንት ስብሰባ ተቀምጫለሁ፤ «ጥፋቱ የእኔ ነው» የሚል ሰው የሰማሁት ግን ያን ቀን ብቻ ነው።

በማግሥቱ እየፈራሁ ካርዴን ዘረጋሁ። እትዬ ከወንበራቸው ሥር ክዳን ያለው ሳህን አወጡ።

«አጥሚት ነው። እስኪድን ድረስ ሆስፒታል ታመላልሳለህ። የሁለት ሰው በልተህ ጉልበት አያንስህም። ከመንገድ ብትቀምሳት ግን ወዮልህ!»

አሥራ ሁለት ቀን አመላለስሁ። እመ ብርሃን ምስክሬ ናት፣ አንዲት ማንኪያ አልቀመስሁም። በየቀኑ ስመለስ ወረፋውን አቁመው ይጠይቁኛል፤ ላበው? ተቀመጠ? ሣቀ? ከኋላዬ የራበው ሁሉ ይንጫጫል።

«ዝም በሉ!» ይሉታል፣ «ስለ ሰው እየተጨዋወትን ነው።»