ሞልቃቃዋን ልዕልት ስቀጣት

ያልተጻፈውን ያነበበ ሰው ዋሸ ይባላል? ስንት ጊዜ አሰብኩት፣ መልሱ አልመጣልኝም። ድሮ ለእናት የልጇን ደብዳቤ የሚያነብላት ሰው «ናፍቀሽኛል»ን ከራሱ ይጨምርላት ነበር፤ ማንም ውሸታም አላለውም። እኔም ከዚያ የባሰ አላደረግኩም። ትንሽ ነው የባሰው።

ባኬ ጃማ ሰፈር እኛ ግቢ የተከራየችው መምህርት ብርቱካን፣ የጎጃም ሰው ናት፣ ስለ አንዲት የሕዋ ልዕልት የተጻፉ መጻሕፍት አዋሰችኝ። ልዕልቲቱ ዜላሪ ትባላለች። መጀመሪያ በአንድ የጠፈር መርከብ አዛዥ ታሪክ ውስጥ ብቅ ብላ፣ ሾርባው ቀዘቀዘ ብላ አኩርፋ የምትወጣ ነበረች አሉ። አንባቢ ኩርፊያዋን ወደደላትና ለብቻዋ አምስት መጽሐፍ ተጻፈላት። እኔ ስንት ዓመት ሳኮርፍ አንድ ገጽ የጻፈልኝ የለም።

ከሰዓት ከሰዓት ለስድስት ዓመት ልጄ ለሌንሳ አነብላታለሁ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ስለቆመ፣ ከባድ ቃል ሲመጣ በግምት አልፈዋለሁ። «ወደ ምህዋር ገባች» ቢል፣ ምህዋርን ከአርጆ ወዲያ ያለች ከተማ አደረግኳት። ሌንሳ መናኸሪያ ስንሄድ ተራ አስከባሪውን፣ «የምህዋር መኪና የትኛው ነው?» አለችው።

«ጉቴ ዴሜራ፣ ኢንተላ ኮ» አላት። በኦሮምኛ «ሞልቶ ሄዷል፣ ልጄ» ማለቱ ነው።

ይህስ ባልከፋ። ልጄ ከልዕልቲቱ ኩርፊያውን ተማረችና ሽሮ ሳቀርብላት ፊቷን አዙራ፣ «ለአገልጋዮቼ ስጡ» ማለት ጀመረች። አገልጋይዋ እኔ ነኝ። ያለችኝ እሷ ብቻ፤ ከአሁኑ ከሞለቀቀች ማን ያቃናታል ብዬ ተጨነቅኩ። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ልዕልቲቱን ራሴው ቀጣኋት። ዓይኔን ገጹ ላይ ተክዬ፣ «ከዚያም ዜላሪ ይቅርታ ጠየቀች፤ የበላችበትንም ሳህን አጠበች» አልኩ። ሌንሳ ተነስታ ሳህኗን አጠበች። ከዚያ ወዲያ ልዕልቲቱ ያልሠራችው ሥራ የለም፤ በሦስተኛው መጽሐፍ ሽንኩርት ልጣለች።

ይነቃብኛል ብዬ አልሰጋሁም። ልጄ ትምህርት ቤት የያዘችው ቁቤ ነው፤ የአማርኛውን ፊደል እስክትቆጥር ልዕልቲቱን ድሬ እጨርሳለሁ አልኩ። ለካ ብርቱካን እኔን ደስ ለማሰኘት በድብቅ ሀ ሁ ስታስቆጥራት ከርማለች።

ባለፈው ቅዳሜ ሌንሳ መጽሐፉን ጭኗ ላይ ዘርግታ በጣቷ እየተከተለች አነበበች።

«እማዬ፣ ሳህን የለም እኮ። አኩርፋ ወጣች ነው የሚለው።»

አለቀልኝ፤ መርፌው አያምም ያልኳትን ሁሉ ልታስታውስ ነው፣ ከእንግዲህ ምን ብነግራት ታምነኛለች? እሷ እቴ፣ ሄዳ እርሳስ አመጣች።

«የጻፈው ሰውዬ ረስቶት ነው። አንቺ ጻፊበት።»

መጽሐፉ የብርቱካን ነው፤ በላስቲክ ሸፍና፣ የታጠፈ ገጽ በመዳፏ እየዳመጠች የምታኖረው። አልጽፍም ካልኩ ደግሞ የረሳው ሰውዬው አለመሆኑን መናገሬ ነው። «ነገ» እያልኩ አራት ቀን ሆነኝ፤ ሌንሳ በየቀኑ እርሳሱን ቀርጻ ታቀርብልኛለች። ብዙ ያነበባችሁ ሰዎች፣ እስቲ ምከሩኝ፦ በሰው መጽሐፍ ላይ ልጻፍ ወይስ ለልጄ እውነቱን ልንገራት? ጻፊ የምትሉኝ ከሆነ ግን «ሳህን» በየትኛው ሀ እንደሚጻፍ አብራችሁ ንገሩኝ። እዚህ ላይ የጻፍኩት በግምት ነው።