እማማ የሺን ያስረጀው ካሜራ

ይህን ወሬ በማውራቴ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ጉዳዩ የአንዲት የተከበሩ እናት ጉዳይ ነው፤ እኔ ደግሞ መምህር ነኝ፤ መምህር የማያውቀውን እንዲያስረዳ እንጂ የሚያውቀውን እንዲያወራ አይፈቀድለትም። ብዙ ጊዜ ምላሴን ይዤ ከረምኩ። ዛሬ ግን እናንተ ብቻ ናችሁ ብዬ ነው።

ጥራት የሚሉት ነገር ይገርመኛል። የጤፍ ጥራት መዳፍ ላይ በትነው ያዩታል፤ የማር ጥራት በምላስ ይታወቃል። የፎቶግራፍስ? ፊት እንዳለ ሲወጣ ነው ጥራቱ ወይስ ባለ ፊቱ ደስ ሲለው? ይህ ጥያቄ ደብረ ታቦር ላይ ሁለት የተከበሩ ሰዎችን ሊያጣላ ደርሶ ነበር። አንዱ እኔ ነኝ።

ሌላው ጨርቅ ነጋዴው ሰይድ ነው። ኪስ የምትገባዋ ዲጂታል ካሜራ ከተማችን የደረሰች ሰሞን ሁለታችንም በአንድ ሳምንት ገዛን። የእሱ ሰባት ሜጋ ፒክስል ነው፤ የእኔ አሥር። ሜጋ ፒክስል ምን እንደሆነ አላውቅም፤ የበዛለት እንደሚበልጥ ግን ጥርጥር አልነበረኝም። ሰይድ ነበረው። መጀመሪያ ጉናን አንስተን ልናወዳድር ሞከርን፤ ተራራው ግን ሦስት ቀን ሙሉ ጉሙን ተከናንቦ ፊቱን አላሳይ አለ።

ክርክራችንን ሰምተው ጎረቤቴ እማማ የሺ በራሳቸው እግር መጡልን። ልጃቸው ለሰሊጥ አጨዳ ሁመራ እንደወረደ ቀርቷል፤ ከሄደ ሰባት ዓመቱ ነው። በየፋሲካው በሰው እጅ ነጠላ ይልካል።

«ሰባት ነጠላ አለኝ» አሉ፣ የሰይድ ሱቅ ደጃፍ ላይ እየተቀመጡ። «ልጅ የለኝም። እስቲ አንሱኝና ልላክለት፤ ፊቴን ሲያይ ይመጣ ይሆናል።»

«እንዴታ እማማ! አንቱ ብቻ ቀና ይበሉልን» አለ ሰይድ።

ፈተናው ፍትሐዊ እንዲሆን ከኋላቸው ሰማያዊ ጨርቅ ሰቀልን፤ ርቀቱን በክንድ ለካን። ሰይድ በእርጋታ አነሳቸው። የእኔ ካሜራ ፍላሹን የሚያጠፋ ቁልፍ አለው ይባላል፤ መመሪያው በቻይንኛ ስለሆነ አላገኘሁትም። በዚያ ላይ ነገሩ ሁሉ እንዲጎላ ብዬ ተንበርክኬ ከታች ወደ ላይ አበራሁባቸው።

ፎቶ ቤት አሳጥበን ሁለቱን ሱቁ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋናቸው። የሰይዱ ላይ እማማ የሺ የሙሽራ አክስት ይመስላሉ፤ ጉንጫቸው ሞልቶ፣ ዐይናቸው ፈክቶ። የእኔው ላይ ግን ፍላሹ ያላቸውን ሽብሽብ ሁሉ ቆጥሮ ሲያበቃ ከሌላ ሰው የተዋሰ ይመስል ነበር።

«መምህር፣ አሥር ያልከው ዓመት ነው እንዴ? እላያቸው ላይ ጨመርክባቸው እኮ!» አለ ሰይድ።

«ጥራት ማለት ምንም አለመደበቅ ነው» አልኩ በክብር።

እማማ የሺ ፎቶዎቹን አራቁ፣ አቀረቡ። የሰይድን ሲያዩ ፈገግ አሉ። የእኔን ሲያዩ ጉንጫቸውን በጣታቸው ዳሰሱ። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት የሰይድን ጠረጴዛው ላይ መለሱት።

«ይቺ ደኅና ነኝ ትላለች፤ ስምንተኛ ነጠላ ነው የሚልክላት» አሉ። «ያቺኛዋ ግን ታስቸኩለዋለች።»

ፎቶዬ በሰሊጥ ጫኝ መኪና ሹፌር እጅ ሁመራ ወረደ። እኔም አሸነፍኩ። ሰይድን ባገኘሁት ቁጥር እጁን እየያዝኩ አጽናናው ነበር። አንድ ቀን ግን ቤቴ ተቀምጬ በካሜራዋ ትንሽ መስኮት ፊታቸውን ደግሜ ሳየው፣ ሽብሽቡን ሁሉ ፍላሹ እንዳልፈጠረው ገባኝ። አብዛኛው የራሳቸው ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ እዚያ ፊት ላይ ሲጠራቀም፣ ልጃቸው ሁመራ ሆኖ አላየውም፤ እኔ አጥር ተጋርቼ፣ ጠዋት ማታ እንዴት አደሩ፣ እንዴት ዋሉ እያልኩ አላየሁትም። ካሜራ የምንገዛው ለዚህ ይሆን?

ፎቶው በተላከ በአሥራ ሦስተኛው ቀን ልጁ ደረሰ። ከአውቶቡስ ሲወርድ ጥቁር ሸሚዝ ለብሷል፤ ካልደረስኩስ ብሎ መሆን አለበት። እናቱን ያገኛቸው ገበያ መሃል፣ ከገሳይ ከመጣ ገብስ ሻጭ ጋር በጩኸት ሲከራከሩ ነው። አቅፏቸው አለቀሰ። ቆይቶ ራቅ ብሎ አያቸው።

«እማዬ፣ ፎቶው ላይ እኮ...»

«ወንዛዬ ወርጄ ፍል ውሃው ገባሁ፤ ሕመሙ ለቀቀኝ» አሉት ኮስተር ብለው።

ልጁ ወደ ሁመራ አልተመለሰም። ላገኘው ሁሉ ስለ ወንዛዬ ፍል ውሃ ይመሰክራል፤ በእሱ ምስክርነት ከሰፈራችን ሦስት ታማሚዎች ወርደው ደኅና ሆነው ተመልሰዋል፤ እንግዲህ እኔ ምን አውቃለሁ። እማማ የሺም ነገሩ እንዳይነቃ በየወሩ እየወረዱ ይታጠባሉ፤ ሰሞኑን እንዲያውም ጉልበቴን አቀለለኝ ማለት ጀምረዋል።

እና አደራ፣ ይህን ለማንም እንዳታወሩት። ልጁ የእናቱን መሬት ተረክቦ ዘንድሮ ገብስ ዘርቷል። ማውራታችሁ የማይቀር ከሆነም፣ እህሉ ተወቅቶ እስኪገባ ጠብቁልኝ።