ሺህ ክር ያለው አንሶላ

አርባ ዶላር ሰውን ምን ያህል ያሞኛል? ብዙ ገንዘብ እንደሚያሳብድ ሁሉም ያውቃል፤ ትንሽ ገንዘብ የሚሠራውን ጉድ ግን የሚያወራው የለም። ቤይሩት ሃያ ስድስት ዓመት ኖሬ፣ የወጣሁትን ደረጃ ሁሉ የቆጠርኩ፣ በቁጥር ማንም ያልቀደመኝ ሴትዮ፣ ጉድ የሠራኝ ልክ አርባ ዶላር ነው።

እንጀራዬ ካውያ ነው። ባዳሮ ውስጥ በአንድ ሕንፃ አራት ማዳሞች አሉኝ፤ አራቱም በዕድሜ የገፉ፣ ልጆቻቸው ውጭ የሄዱባቸው። በየቤታቸው በሳምንት አንድ ቀን እየሄድኩ አንሶላና የትራስ ልብስ እተኩሳለሁ፤ ለቀኑ አስር ዶላር። ዓይኑን ጨፍኖ ጥጥን በጣቱ የሚለይ ሰው ስንት አለ? አንድ አለ፣ እኔ ነኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ እንዲህ ነበር የማስበው።

ከአራቱ ትልቋ፣ ማዳም ማርሴል፣ አንሶላዎቼ አለቁ፣ ያኒ አንቺ ጨርቅ ታውቂያለሽና ፈልጊልኝ አለችኝ። ዛልቃ ሰፈር አንድ ሱቅ ገባሁ። ባለሱቁ ሁለት ዓይነት ዘረጋልኝ። አንዱ ጥጥ ነው፤ ሦስት መቶ ክር፣ ሃምሳ ዶላር። ሌላው የሚያብረቀርቅ፣ ማሸጊያው ላይ ሺህ ክር ተብሎ በወርቅማ ቀለም የታተመበት፣ ሠላሳ አምስት። ዳሰስኩት። ጣቴ፣ ይሄ ነገር ያንሸራትታል፣ ተይው አለኝ። ተቆጣሁት፦ አንተ የት ተምረህ ነው ከታተመ ቁጥር ጋር የምትከራከረው? ክሩ በሰባት መቶ ይበልጣል፣ ዋጋው በአሥራ አምስት ያንሳል፤ ከዚህ ወዲያ መዳሰስ ምን ያደርጋል? ባለሱቁ ደግሞ፣ ያ ኢኽቲ፣ እህቴ፣ ደንበኛ ካመጣሽ ከእያንዳንዱ አስር ዶላር ያንቺ ነው አለኝ። ወዲያው ለቀሩት ሦስት ማዳሞች ደወልኩላቸው። በእጄ ስለሚምሉ እሺ አሉ፤ የዚያኑ ዕለት ለአራቱም አደረስኩ። አራት አንሶላ፣ አርባ ዶላር!

ቤት ስገባ ባለሱቁ ከዚያው ጨርቅ የመረቀልኝን የትራስ ልብስ አብራኝ ለተከራየችው ለሰናይት በኩራት አሳየኋት። ሰናይት አንድ ክር መዘዘችና ላይተር ለኮሰችበት። ጥጥ ሲቃጠል እንደ ወረቀት አመድ ይሆናል፤ ይሄ ግን ተኮማትሮ ቀለጠ፣ ጥቁር ጠብታ ሆኖ ቀረ። እትዬ፣ ይሄ እኮ የፕላስቲክ ጆግ ነው፣ ውሃ ቅጂበት አለችኝ።

እኔ እንዲህ ልባል? መነጽሬን አጠለቅሁና በመርፌ ጫፍ ቆጠርኩት። የክር ቁጥር ማለት በአንድ ካሬ ኢንች ውስጥ ያለው ድርና ማግ ድምር ነው። ድሩ ስልሳ ሁለት፣ ማጉ አርባ ስምንት፤ መቶ አስር። ስምንት መቶ ዘጠናው የት ገባ? ባለሱቁ ጋ ደወልኩ። አንዱ ክር በውስጡ ብዙ ቀጫጭን ክር አለው፣ እሱም ይቆጠራል አለኝ። እንዲያ ከሆነ እኔም ሳጥብ አንድ፣ ስተኩስ ሁለት፣ ስጸልይ ሦስት ሴት ነኝና የሦስት ሰው ይከፈለኝ አልኩት። ኸላስ፣ ያ ኢኽቲ ብሎ ዘጋብኝ።

ሳምንቱን ሙሉ ይሄንኑ ሳሰላ ሰነበትኩ። በነሐሴ ሙቀት ላስቲክ ላይ ተኝተው፣ በላብ ተጠምቀው፣ አራቱም ቢያባርሩኝስ? በእኔ ዕድሜ ማን አዲስ ቤት ይሰጠኛል? አርባ ዶላሩን ልመልስ በቦርሳዬ ይዤ ማዳም ማርሴል ጋ ሄድኩና፣ አንሶላው ጥጥ አይደለም፣ ተታልዬ ነው ብዬ ተናዘዝኩ።

እሷ እቴ! ሜርሲ፣ ሜርሲ እያለች አቀፈችኝ። ከማሽን ወጥቶ ሲደርቅ አንድም መጨማደድ አይታይበትም፤ በካውያው ምክንያት መብራት መጥፋቱም ቀረልን አለች። ሦስቱ ጎረቤቶቿም እንደዚያው ደስ ብሏቸዋል፤ ተመካክረዋል። እንግዲህ በየሳምንቱ ምን ያደክምሻል፣ ስንፈልግሽ እንደውላለን አለችኝ። ሐዝሚዬ ያለችው እህቷ ደግሞ ሰምታ ሁለት እንዳመጣላት ጠይቃለች።

ሊፍቱን እየጠበቅሁ ደመርኩ። ኪሳራ፦ አራት ቤት፣ በወር መቶ ስልሳ ዶላር። ትርፍ፦ አርባ ዶላር፣ እሱም አንዴ። የሐዝሚዬው ሃያ ዶላር ግን ንጹህ ትርፍ ነው፤ እዚያ የምባረርበት ሥራ የለኝማ።